ከሦስተኛው ኩርባ በታች

የብረት ሳጥኑን ስከፍተው ውስጡ ያለው አንድ የሃያ ሊትር ጀሪካን ብቻ ነበር፤ እሱም ባዶ። ዘቅዝቄ ነቀነቅኩት። ጠብ ያለ ነገር የለም። በክዳኑ ውስጥ በተለጠፈው ካርድ ላይ ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሰኞ፤ ሙሉ» ተብሎ ተጽፎ ከጎኑ ፊርማ አርፎበታል።

ዓርብ ማለዳ ነው። ከፓርኩ በር እስከዚህ መጠለያ ድረስ ሰባት ኪሎ ሜትር ቁልቁል በእግሬ ወርጄያለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት የመርማሪነት ዘመኔ ያልገባሁበት ጉድ የለም፤ እውነተኛ ገደል ውስጥ ስገባ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ፈቃዴን የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ እምቢ እል ነበር። ግራና ቀኙ ቀይ ግድግዳ ነው፤ ሰማዩ ከላይ በቀጭኑ ይታያል። አብሮኝ የወረደው ሃምሳ አለቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከጫማው አሸዋ ያራግፋል።

ጉዳዩ ይህ ነው። ትናንት ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት እዚሁ መጠለያ ውስጥ ራሳቸውን ስተው ተገኙ። የሳጥኑ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ያገኟቸው የፓርኩ አንጋፋ ጠባቂ ናቸው። በሬዲዮ የጠሯቸው ሰዎች ቃሬዛ ይዘው እስኪደርሱ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከራስ እስከ እግራቸው ውሃ እያፈሰሱ፣ በከንፈራቸውም ጠብ ጠብ እያደረጉ ነፍሳቸውን አቆዩ።

ባለቤታቸው በዚያ ሰዓት የነበሩት ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነው። በጀርባ ቦርሳቸው ውስጥ ሁለት ትልልቅ ኮዳ ውሃ ተገኝቷል። ሁለቱም አልተነኩም።

«ውሃዋን ይዞባት ተመለሰ» አለ ሃምሳ አለቃ። «ይሄኛውን ደግሞ ደፋው።»

«እንዴት አድርጎ? ቁልፉ እሷ አንገት ላይ ነው።»

«ደፍቶ ሲያበቃ መልሶ አንገቷ ላይ ካሰረውስ? ብልጠቱ እኮ እሱ ነው!»

ለሃምሳ አለቃ ሁሉም ነገር ብልጠት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ተሳስቷል፤ ሁለት ጊዜ ግን ልክ ሆኗል፤ እነዚያን ሁለቱን አይረሳቸውም።

ከሳጥኑ ሥር ጣት የሚያህል ሣር በቅሏል። በዚያ ሁሉ አፈርና ድንጋይ መሃል አረንጓዴ ነገር ማየት ዓይን ያሳርፋል። አንድ ዘለላ ነቅዬ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አስገባሁ። ለምርመራ ብዬ አልነበረም፤ ደስ ስላለኝ ነው።

ሽቅቡን ስንወጣ ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛው ኩርባ ጋ ደረስን። መንገዱ እዚያ ላይ የአልጋ ስፋት እንኳ የለውም፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል ባዶ አየር። እኔ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አጣብቄ በጎኔ አለፍኩ። ሃምሳ አለቃ በአራት እግሩ አለፈ። ማዶ ሲደርስ ጉልበቱን አራግፎ፣ «ኢንስፔክተር፣ ይቺን እዚሁ እንተዋት» አለኝ።

*

የፓርኩ ትኬት ቆራጭ ወፍራም መዝገብ ፊቷ ዘርግታ ጠበቀችን። ወጣት ናት፤ ስታለቅስ ማደሯ ከዓይኗ ያስታውቃል።

«በዚህ ሙቀት ሦስት ሳምንት ሙሉ የመጣ ሰው አልነበረም» አለች። «ትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረሱ። ሴትዮዋ እንደ ልጅ ነው የቸኮሉት። የሳጥኑን ቁልፍ ፈርመው የወሰዱት ባልየው ናቸው። እዩት፣ ይሄው።»

«ከዚያስ?»

«ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ብቻቸውን ተመለሱ። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ መዳፋቸው ደምቷል። 'ምን ሆኑ?' ስላቸው 'አንሸራተተኝ' አሉ። ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ኋላ ላይ እየወጡ ወደ መንገዱ ይሄዳሉ፣ ይጠፋሉ፣ ይመለሳሉ። ሦስት ጊዜ። እኔ ሽንት ቤት የሚመላለሱ መስሎኝ…»

«ጠባቂውስ መቼ ወረዱ?»

«ጋሼ ጉልበታቸውን አሟቸው ማክሰኞና ረቡዕ አልመጡም። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ እያነከሱ መጡ። 'አንዲት እናት ወርደዋል' አልኳቸው። ሻይ ቀድቼላቸው ነበር፤ አልነኩትም። ዱላቸውንና ሬዲዮአቸውን ብቻ ይዘው ሮጡ። ጋሼ ሲሮጡ ያየሁት ትናንት ነው። ለእሳቸው እዚህ የመጣ ሁሉ የቤታቸው እንግዳ ነው።»

ሃምሳ አለቃ «የተቀደደ ሱሪ፣ የደማ መዳፍ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

*

ጣቢያችንና ሆስፒታሉ ያሉት በአንዲት ትንሽ የበረሃ ከተማ ነው፤ በመሃላቸው አንድ መንገድ ብቻ አለ። ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ሐኪሙ ደወለልኝ። የሴትዮዋ ኩላሊት እየደከመ ስለሆነ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላካሉ። መንገዱ የስምንት ሰዓት ነው። አምቡላንሱ ከነርሷ ሌላ አንድ አስታማሚ ብቻ ይይዛል።

«ሊተርፉ ይችላሉ» አለ ሐኪሙ። «ላይተርፉም ይችላሉ። አጠገባቸው ማን እንደሚቀመጥ ግን አንቺ ነሽ የምትወስኚው። ልጃቸው፣ እናቴን ሊገድላት ነበር እያለች፣ አባቷን አላስጠጋም ብላለች።»

ባልየው በጣቢያችን ጠባቧ የምርመራ ክፍል ውስጥ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት በበረሃ መንገድ ላይ ተሳቢ የነዱ ሾፌር ናቸው፤ ትከሻቸው አሁንም በሩን ይሞላል።

«ትተነፍሳለች?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ይተነፍሳሉ። ለምን ተመለሱ ጋሼ?»

«ደከመኝ።»

«ውሃውን ይዘው?»

መዳፋቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ጉያቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«መዳፍዎ ምን ሆኖ ደማ?»

«አንሸራተተኝ አልኩ እኮ።»

«ልጅዎ እናቴን ሊገድላት ነበር ትላለች።»

ይሄኔ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አምቡላንሱ ውስጥ አብሬያት ልሂድ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ» አሉ። አንጀቴን በሉት። ግን አንጀቴን የበሉት ጥፋተኞችም ስላሉ ቆጣ ብዬ ወጣሁ።

*

ልጅቷን ያገኘኋት እናቷ አልጋ አጠገብ ነው። ዜናውን ሰምታ ሌሊቱን በአውሮፕላን፣ ቀጥሎም በአውቶቡስ ተጉዛ፣ እኛ ሸለቆው ውስጥ ሳለን ነው የደረሰችው። የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። የእናቷን እግር በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ሰኞ አብረን ምሳ በልተናል» አለችኝ ኮሪደሩ ላይ። «ሲሰናበቱኝ እማዬ ጆሮዬ ላይ 'ይሄ የመጨረሻ ጉዟችን ነው' አለችኝ። ፈርታ ነበር ማለት ነው! እኔ ደግሞ ስቄ አለፍኩት።»

«ይጣሉ ነበር?»

«ማን ያውቃል? የልጅ ፊት ላይ ማን ይጣላል? እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። አባቴ ያንን ሸለቆ እንደ መዳፉ ያውቀዋል። ልጅ ሆኜ ሲያስተኛኝ የሚያወራልኝ ስለሱ ነበር። ገደሉ ጫፍ ላይ እንዴት እንደቆመ፣ ጥላው የት እንደሆነ፣ ያለ ውሃ የሄደ ሰው ምን እንደሚሆን… ሁሉንም። 'አላወቅኩም' ሊለኝ አይችልም! ሌላ ሰው ቢሆን እሺ። አባዬ ግን ያውቅ ነበር።»

ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ፈቀደልኝ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ገልጠዋል፤ ምላሳቸው ስላበጠ ግን መናገር አይችሉም። ጎንበስ አልኩ።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ ጥለውዎት ነው የሄዱት?»

ራሳቸውን በዝግታ ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«ታዲያ ውሃውን ይዘው ለምን ተመለሱ?»

የተሰነጣጠቀው ከንፈራቸው ፈገግ አለ። ግሉኮስ የተሰካበትን እጃቸውን እንደምንም አንስተው ሌባ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አዩ?» አለች ልጅቷ። «አስፈራርቷታል!»

የፈራ ሰው ብዙ ነገር ይሆናል፤ እንደዚያ ፈገግ ሲል ግን አላየሁም። ይሄ፣ ሰዎች የሚወዱትን ሰው ጉድ ሲደብቁ የሚያሳዩት ፈገግታ ነው። ምን ዓይነት ጉድ ነው ታዲያ ሞት አፋፍ ላይ ሆነው የሚደብቁት?

*

የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ አንጋፋው ጠባቂ ቁጭ ብለዋል። ከትናንት ጀምሮ ቤታቸው አልሄዱም። ያበጠ ጉልበታቸውን ዘርግተው መሬት መሬት ያያሉ። «እግዜር ይስጥልን፣ የሰው ነፍስ አተረፉ» አልኳቸው በአጠገባቸው ሳልፍ። ቀና ብለው አላዩኝም። ትሑት ሰው ናቸው ብዬ አለፍኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ማስታወሻ ደብተሬን ስገልጥ ሣሩ ወደቀ። ሃምሳ አለቃ አነሳው።

«ይሄን ከየት አመጡት?»

«ከሳጥኑ ሥር። ምነው?»

«ለጋ ነው። አራት ቀኑ ቢሆን ነው፤ ቢበዛ አምስት።»

«በምን አወቅክ?»

«የገበሬ ልጅ አይደለሁም እንዴ? የበረሃ ዘር ውሃ እስኪያገኝ አድፍጦ ይጠብቃል፤ ያገኘ ዕለት ግን አይቀድሙትም። ግን ዝናብ ሳይዘንብ…» አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ዝናብ አልዘነበም። ውሃው የተደፋው እዚያ ነው። የተደፋውም ትናንት አይደለም፤ ሰኞ ነው። ሰኞ ደግሞ ባልና ሚስቱ የሁለት ቀን መንገድ ርቀት ላይ ከልጃቸው ጋር ምሳ እየበሉ ነበር፤ ምስክሯ ራሷ ከሳሿ ናት።

«ብልጠት አልነበረም ማለት ነው» አለ ሃምሳ አለቃ ቅር እያለው።

*

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጠባቧ ክፍል ተመለስኩ።

«የሳጥኑን ውሃ እርስዎ እንዳልደፉት አውቄያለሁ ጋሼ። አሁን ስለ ሦስተኛው ኩርባ ያውሩኝ።»

ሾፌሩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ተንሸራቶ የወደቀ ሰው ሱሪው አንድ ጉልበቱ ላይ ነው የሚቀደደው። የእርስዎ ሱሪ ሁለቱም ጉልበት ላይ እኩል ነው የተበላው። ዛሬ ጠዋት በዚያው ቦታ በአራት እግሩ ያለፈ ሌላ ጎበዝ ሰው አውቃለሁ።»

ሃምሳ አለቃ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ሾፌሩ ወደ ሃምሳ አለቃ ጉልበት አዩ።

«ሠላሳ አምስት ዓመት በሸለቆው መገንጠያ አልፌያለሁ። ሁልጊዜ ጥሩምባ እነፋለሁ። አንድም ቀን ግን ገብቼ አላውቅም። ቤት ስመለስ ልጄ 'ምን አመጣህልኝ?' ትለኛለች። ከበረሃ ምን ይመጣል? ወሬ አመጣሁላት። 'ወረድኩ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆምኩ' አልኳት። ዓይኗን እያፈጠጠች ስትሰማኝ ጊዜ እየጨመርኩ ሄድኩ። እናቷም አመነች። ጡረታ ስወጣ 'በል እንግዲህ ያንን ቦታ አሳየኝ' አለች።»

«መጡ።»

«መጣን። ሁለት ቀን ሙሉ መስኮቱን ከፍታ አሸዋ ስታስበላኝ ከረመች። እንደዚያ ደስ ብሏት አላውቅም። 'የመጨረሻ ጉዟችን ነው፤ ከዚህ በኋላ ልጃችን ሰፈር ገብተን የልጅ ልጅ እናሳድጋለን' ትላለች። ለልጅቷ ገና አልነገርናትም፤ ስንመለስ ልናስደስታት ነበር።» እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «ኩርባው ጋ ስደርስ እግሬ ተያዘ። ያ ሁሉ ባዶ አየር… ግድግዳውን ሙጭጭ አልኩ። እሷ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ገባት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። 'አንተ ውሸታም! ሠላሳ ዓመት!' አለችኝ። ቦርሳውን ላውልቅላት ብል ግድግዳውን መልቀቅ ሊኖርብኝ ነው። እጄ እምቢ አለኝ። 'ተወው፣ ታች ውሃ አለ፤ ቁልፉን ብቻ ወርውርልኝ። ለማንም አልናገርብህም' አለችና ሄደች።»

«ባለቤትዎ ሲዘገዩስ?»

«ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ሦስቱንም ጊዜ እዚያችው ኩርባ ላይ ቀረሁ። ኮዳው ጀርባዬ ላይ ነው። ሚስቴ ታች ናት። መሄድ አልቻልኩም። ይገባሻል? አልቻልኩም!»

አልቅሰው እስኪወጣላቸው ጠበቅኩ።

«ይህን ትናንት ቢናገሩ ልጅዎ ነፍሰ ገዳይ አትልዎትም ነበር። ውሸታም መባል አይሻልም?»

«የትኛው እንደሚሻል ሳስብ ነው ያደርኩት» አሉ። «እኔ ለእሷ ያ ገደሉ ጫፍ ላይ የቆመው ሰው ነኝ። እሱ ከሌለ ሌላ ማን ነኝ?»

*

መንገዱን ስሻገር አንዲት ነገር ጭንቅላቴን መታችኝ፤ መሃል አስፋልት ላይ ቆምኩ። አንድ ባለ ባጃጅ ጮኸብኝ።

ሳጥኑ ባዶ ከነበረ፣ ሴትዮዋ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ የፈሰሰው ውሃ ከየት መጣ?

ጠባቂው ከበሩ የወጡት ዱላቸውንና ሬዲዮአቸውን ብቻ ይዘው ነው። የሮጡትም ማንም ሰው አደጋ መኖሩን ሳያውቅ፣ «አንዲት እናት ወርደዋል» ስለተባሉ ብቻ ነው። ውሃ እንደሌለ ያወቀ ሰው ነው እንደዚያ የሚሮጠው።

ዛፉ ሥር አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ያንን ሁሉ ውሃ ከየት አመጡት?»

ቀና አሉ። የፈራሁት ክፋት ፊታቸው ላይ አልነበረም። የነበረው እፎይታ ነው።

«እስክትጠይቂኝ እየጠበቅኩ ነበር» አሉ። «ራሴ ልነግርሽ ሦስቴ ተነስቼ ሦስቴ ተቀመጥኩ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ሃያ ሊትር በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዳሉ። መጠለያው ሲደርሱ መጀመሪያ ካርዱን ይፈርማሉ፣ ቀጥሎ የሳምንቱን አሮጌ ውሃ ይደፋሉ፣ ከዚያ አዲሱን ያስገባሉ። ቅደም ተከተሉ አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም።

«በዚህ ሰኞ መንገድ አጋማሽ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ጀሪካኑን ከመንገዱ ወጣ ብሎ ድንጋይ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት፤ ነገ አደርሰዋለሁ ብዬ። ሳጥኑን ልይ ብዬ ባዶ እጄን ወረድኩ። ደረስኩ። ፈረምኩ። ደፋሁ። ከዚያ አዲሱን ላነሳ ዞር ስል…» ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «የለም። እጄ ቀደመኝ። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ እኔን አልጠየቀኝም።»

«ሬዲዮ ነበረዎት።»

«ነበረኝ። ምን ልበል? 'ጋሼ ሃያ ሊትር መሸከም አቃተው' ልበል? በማግስቱ ያሰናብቱኝ ነበር። በዚህ ሙቀት ማንም አይመጣም፣ ጉልበቴ ሻል ሲለው አደርሰዋለሁ አልኩ። ማክሰኞ መቆም አልቻልኩም። ረቡዕም።» ያበጠ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱት። «ሴትዮዋ ስትወርድ በዚያ ጀሪካን አጠገብ አልፋለች። አሥር እርምጃ አይሞላም። ጀሪካኑን እየጎተትኩ ስደርስ መሬት ላይ ነበረች። ልጄ፣ ውሰጂኝ፤ ግን መጀመሪያ ለቤተሰቦቿ በራሴ አፍ ልንገራቸው።»

*

አስር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አምቡላንሱ የኋላ በሩን ከፍቶ ቆመ። ሴትዮዋን በቃሬዛ አስገቧቸው። ልጅቷ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋለች። ሃምሳ አለቃ አባቷን ይዞ ሲመጣ አየችና ፊቷን አዞረች።

ጠባቂው በዱላቸው ተደግፈው መሃላቸው ቆሙ። የደፉት እሳቸው መሆናቸውን፣ ፊርማውን፣ ዝምታቸውን፣ ሁሉንም ነገሯቸው። ራሳቸውን አልቆጠቡም። ልጅቷ ገርጥታ አዳመጠች፤ ከዚያ ጮኸች።

«እንዴት ዝም ይላሉ? 'አልቻልኩም' ማለት ይሄን ያህል ይከብዳል?»

ሾፌሩ ወደ ጠባቂው ተጠግተው ዱላውን የጨበጠ እጃቸውን ያዙ።

«ይከብዳል» አሉ፤ እያዩ የነበሩት ጠባቂውን ነው፤ የሚናገሩት ግን ለልጃቸው ነበር። «አንተ በዚያ ጉልበትህ ሮጠህ ደርሰህላታል ወንድሜ። እኔ ሁለት ደህና እግር ይዤ ከሦስተኛው ኩርባ ማለፍ አቃተኝ። ገደል እፈራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እፈራለሁ። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ከትናንት በፊት እግሬ ረግጦ አያውቅም። ያወራሁት ሁሉ ውሸት ነው።»

ልጅቷ አባቷን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ የተቀደደውን ሱሪ፣ በፋሻ የተጠቀለሉትን መዳፎች። እናቷ ያንን ጣት አፋቸው ላይ ያደረጉት ለምን እንደሆነ ያኔ የገባት ይመስለኛል፤ ወደ አምቡላንሱ ውስጥ ዞር ብላ አየቻቸውና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ጊዜ የለንም!» አለች ነርሷ ከውስጥ። «አስታማሚው ማን ነው?»

ልጅቷ እግሯን ከደረጃው አወረደች።

«እሱ ነው» አለች።

«አንቺስ?» አሉ አባቷ።

«መኪናችሁን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ግባ አባዬ።» ክንዳቸውን ይዛ ደረጃው ላይ አወጣቻቸው። ከዚያ አልለቅ አለቻቸው። «ይቅር በለኝ። ምን ብዬ እንደጠረጠርኩህ…»

ሾፌሩ ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሙት።

«እናትሽን ስትጠብቂ ነው ያገኘሁሽ» አሉ። «ለዚህ ይቅርታ አልቀበልም።»

ገብተው ከቃሬዛው አጠገብ ተቀመጡ፤ ነርሷም በሩን ዘጋችው።